መስፈሪያ

ይህችን ከተማ ሲሰይሟት የመልአክ ከተማ አሏት፤
መልአክ እህል አይቀምስም፤ ይህን ማን በነገራት።

ቂርያት ማላኪ፥ ሐሙስ ማታ። አሳንሰሩ ከፋሲካ ወዲህ ቆሟል፤ በእግሬ ወጣሁ፤
አሥራ ስምንት ጥያቄ በብብቴ ይዤ፥ የአራተኛ ፎቅ በር መታሁ።

«ቤት ለእምቦሳ» አልኩ ከልማድ። «እምቦሳ እሰሪ» አለችኝ።
አራተኛ ፎቅ ላይ እምቦሳ!
ወይዘሮ እናኑ እየሳቀች፥ ካሏት ሁለት ወንበሮች
የማትነቃነቀውን ሰጠችኝ።

አንደኛ፦ ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት
ምግቡ አልቆ፥ መግዣው ጠፍቶ፥ ገብቶሽ ያውቃል ወይ ስጋት?
ሁልጊዜ? አንዳንዴ? ወይስ በጭራሽ?

«ተመስገን።»

ጣቴ መስታወቱ ላይ ቀረ። «ተመስገን» የሚል ሳጥን የለም።
«ተመስገን ማለት አንዳንዴ ነው?»
«ተመስገን ማለት፥ ልጄ፥ ተመስገን ነው። ሌላ ፍቺ የለውም።»

አራተኛ፦ ከድርሻሽ ቀንሰሽ ታውቂያለሽ፥ ለልጆችሽ ብለሽ?
«የኔ ጉሮሮ ድሮም ጠባብ ነው። ይበቃኛል ትንሽ።»

ዘጠነኛ፦ ቀኑን ሙሉ ሳትበይ የዋልሽበት ጊዜ አለ ወይ?
«ሐሙስ እኮ ጾም ነው፤ ያንቺ እናት አትጾምም ወይ?
ሰኞም እጾማለሁ። ማክሰኞ ለእናቴ ነፍስ።
ረቡዕ ደግሞ... እንዲሁ ነው፤ ሥራ ላይ እረሳዋለሁ።»

በልቤ ቆጠርኩ። የተረፈው ሰንበትና ዋዜማው ነው።
ይህን ሁሉ ጾም ያወጀ ቄስ የለም፤
ያወጀው ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈው
ቀይ ማኅተም ያለበት የመብራት ሒሳብ ነው።
ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል።
እዚህ ቤት ካለው ሆድ ሁሉ፥ ሳያፍር የሚያጉረመርም እሱ ብቻ ነው።

ከጠረጴዛው ሥር ኦፊር፥ ሰባት ዓመቱ፥
እርሳሱን እያኘከ በዕብራይስጥ አለኝ፦
«እማ የምትበላው እኛ ስንተኛ ነው።
አንድ ቀን የተኛሁ መስዬ አየኋት።
ሳህን ታጥብ ነበር። ንጹሕ ሳህን።»

እናኑ እንዳልሰማች ሆነች።
እኔም እንዳልሰማሁ።
መመሪያው ግልጽ ነው፤ የሚመዘገበው የአዋቂ መልስ ነው።

ያገራችን ሰው ለእህል ቁና አለው፥ እርቦ አለው፥ ጣሳ አለው፤
ሲሞላ ከላዩ ይከምራል።
ያልመጣውን እህል ግን በምን ይሰፍረዋል?
በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤
እኔን የሰፈሩኝ ቀድመው ነው፤ ሎድ፥ ሁለተኛ ክፍል፥
መምህሬ «ቁርስ በልተሻል?» ብላ፥ እኔም «ሁለት እንቁላል» ብዬ፤
እናቴ ያስጠናችኝን ቁጥር ሳላጎድል፥ ሳልጨምር።

ጣቴ «ሁልጊዜ» ላይ አንዣበበ።
ብጭነው ረሃቧ ይቆጠራል፤ ቃሏ ይረገጣል።
ብተወው ቃሏ ይከበራል፥ ረሃቧ ግን ይሠረዛል።
በገዛ ቤቷ፥ በገዛ አፏ የተናገረችውን መዘገብኩ፤
ልክ ይሁን ስህተት፥ ዛሬም አላወቅኩ።

ማሽኑ ደመረ። ከባዶ እስከ አሥራ ስምንት ነው መለኪያው።
«ኤፌስ» አለኝ በዕብራይስጥ፤ ስጋት የሌለበት ቤት ማለት ነው።
እኔ በአማርኛ አነበብኩት፦

ባዶ።

ስነሣ «እጅሽ ባዶ አይውጣ» አለች፤
ከፌስታል አንድ መንደሪን አወጣች።
ሌላ መኖር አለመኖሩን ፌስታሉ ሲላላ አየሁ።
ብቀበል ከልጆቿ አፍ ነው፤ ባልቀበል ከክብሯ።
ይህን የሚጠይቅ አሥራ ዘጠነኛ ጥያቄ አልተጻፈም።

ተቀበልኩ።

ደረጃውን ወርጄ አውቶቡስ ስጠብቅ
መንደሪኑ መዳፌ ውስጥ ሞቀ።
ከላይ የልጆቹ መብራት ጠፋ፤ የማዕድ ቤቱ ቀረ፤
ቧንቧው ተከፈተ፥
ሳህን ተንቃጨለ።